የአብዱልናስር ግራ ዓይን

የኖራው መስመር ላይ ሳይደርሱ ፍሬን አይያዙ ብሎኛል፣ ሰምቻለሁ፣ ክላክስም አይንኩ ብሎኛል፣ አልነካም፣ እጄን ከክላክሱ አርቄ መሪው ጎንና ጎን ላይ አስቀምጫለሁ፣ ግን እጅ የራሱ አመል አለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ከመኪና ሲያስጥል የኖረ እጅ ዛሬ በአንድ ሻምበል ትእዛዝ ዝም ይላል ወይ። ይላል። ዝም ማለት አለበት። የዋዙ ሞተር በርቷል፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዟል፣ ውኃ አይቻለሁ፣ ጎማዎቹን በጫማዬ መትቻለሁ፣ የፍሬኑን ዘይት ጠዋት ከየካ ስንነሳ አየሁት፣ እዚህ እንጦጦ ላይ ስንደርስ አየሁት፣ ጀይላን የሚባለው ሰልጣኝ ፈተናውን ከወደቀ በኋላ ደግሞ ወርጄ አየሁት፣ ጋሽ ጀማል ሊጠጡት ነው እንዴ አለ አንዱ ወታደር፣ ሳቁ። ይሳቁ። በገዛ ልጁ ላይ መኪና የሚነዳው እኔ ነኝ እንጂ እነሱ አይደሉም።

ልጄ ከፊቴ ነው። ባህር ዛፉ ተመንጥሮ ጉቶ ብቻ በቀረበት ሜዳ ላይ ቆሟል፣ አብዱልናስር፣ ፊቱ ወደ እኔ አይደለም፣ ማዶ ከዳገቱ ሥር አድፍጠው ምልክት ወደሚጠብቁት ወታደሮች ነው፣ ለእኔ የሰጠኝ ግራ ጉንጩን ነው፣ ካሜራውን ቀኝ ዓይኑ ላይ ለጥፏል፣ እኔ ከዚህ ሆኜ ማየት የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ግራ ዓይኑ ተከፍቷል ወይስ ተጨፍኗል። አይታየኝም። ሩቅ ነው፣ ደግሞ የካሜራው ጥላ አርፎበታል።

ከተጨፈነ አለቀ። ፈተናው ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ቀረጻውን ሳያቋርጥ፣ ካሜራውን ከዓይኑ ሳይነቅል፣ ከግራ የሚመጣበትን መኪና አይቶ ዞር ካለ አልፏል፣ የጦሩ ፊልም አንሺ ሆኗል። ቆሞ ከቀረ ወድቋል፣ የወደቀ ነገ ጠዋት ወደ እግረኛ ይላካል፣ ጠመንጃ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ሰሜን ነው። ፊልም አንሺውም ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው፣ አውቃለሁ፣ ማንም አያታልለኝም፣ ግን ፊልም አንሺ ይመለሳል፣ ፊልሙ የሚታጠበው አዲስ አበባ ነው፣ ይዞት የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል፣ ይህን ለሰዓዳ ስነግራት ምን አለች፣ እንግዲያው ፊልሙ ቶሎ ቶሎ ይለቅባቸው አለች። ሚስቴ እንዲህ ናት፣ ከማልቀስዋ በፊት ትቀልዳለች።

አንድ ዓይን። የአንድ ቤት ሰላም በአንድ ሰው ሽፋሽፍት ላይ ይንጠለጠላል ብሎ ማን ያስባል።

ልጆቹን ያስተማራቸው ሻምበል ወንድይራድ ነው፣ እንደሱ ያለ አስተማሪ በዕድሜዬ አላየሁም፣ እርግጥ እኔ ብዙ አስተማሪ አላየሁም፣ ቁርኣን ቤት ትንሽ፣ አራተኛ ክፍል ድረስ ትንሽ፣ ሁሉም ይጮሁ ነበር። ይሄ አይጮህም። ሰልጣኞቹን የካሜራ ክብደት ያለው እንጨት አሸክሞ ዳገቱን ያስወጣቸዋል፣ ጉልበት አጠፍ፣ ክርን ጎድን ላይ፣ ትንፋሽ በግማሽ፣ እንጨቱ ላይ ውኃ የሞላ ጣሳ ያስቀምጣል፣ ውኃው ከፈሰሰ ሥዕሉ ፈሰሰ ማለት ነው ይላቸዋል፣ ይህን ሲል ራሱ ከፊታቸው ጣሳውን ይዞ ወደ ኋላ እየተራመደ ነው፣ በጉቶው መሀል፣ ኋላውን ሳያይ፣ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ። ከዚያ ጥቁሩ ከረጢት አለ፣ ሁለት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጨርቁ ውስጥ ይከታሉ፣ ያለቀውን ፊልም አውጥተው አዲሱን በጣታቸው ብቻ ይከታሉ፣ ብርሃን ካየ ይቃጠላልና፣ ጣታቸው እየሠራ ፊታቸው ሰማይ ሰማይ ያያል፣ ልጄ ይህን ሲያደርግ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ከጡት እንደወጣ ጀምሮ ነው የሚነክሰው። እኔ ጥንቃቄ የፈሪ ሰው ሥራ ነው ሲባል ሰምቼ ነው የኖርኩት፣ ሾፌሮች ሁሉ ሲስቁብኝ ነው የኖርኩት፣ ለካ ሙያ ነው። ለካ የተከበረ ሙያ ነው፣ ሻምበል የሚያስተምረው።

ካድሬው መጥቶ የጦሩ ካሜራ የአብዮቱ ዓይን ነው፣ ታሪክ የሚጠይቃችሁ ግዳጅ ነው ምናምን ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ፣ አጨበጨብን። እኔ የገባኝ ግን በንግግሩ አይደለም፣ በየማርያምወርቅ ነው። የክፍላችን ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ አንድ ልጅ አላት፣ ሰሜን ነው፣ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ድምፁ ጠፍቶባት ነበር። አዳራሹ ውስጥ ከግንባር የመጣ ፊልም ሲያሳዩ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፣ ወታደሮች ከበርሜል ውኃ ይቀዳሉ፣ አንዱ ይጠጣል፣ ቀና ይላል፣ አፉን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ይህችን ያህል ናት። ያ የኔ ነው አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ሻምበል ወንድይራድ ፊልሙን አስቆመ፣ መለሰላት፣ እንደገና ጠጣ፣ እንደገና ጠረገ፣ ደጋግሞ መለሰላት፣ አለቃ ይቆጣል ሳይል፣ እሷም አላለቀሰችም፣ ከሳ እንጂ ደህና ነው እያለች ነበር። ያን ውኃ ሲጠጣ ያነሳው ሰው ማነው፣ ስሙን ማንም አያውቅም፣ በጥይት መሀል ቆሞ የአንድ እናት ልጅ ውኃ ሲጠጣ ማየት ምን ዓይነት ሰው ይፈልጋል። ልጄ እንደዚያ ያለ ሰው ይሁን ብዬ ዱዓ ያደረግሁት ያን ቀን ነው፣ በማግሥቱ ደግሞ ፈራሁ።

ካሜራ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው አላቸው ሻምበሉ አንድ ቀን፣ ሣሩ ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ እኔም ራዲያተር የምፈትሽ መስዬ ቆሜ፣ በቁልፍ ቀዳዳ የሚያይ ሰው ከአጠገቡ ማን እንደመጣ አያውቅም፣ ስለዚህ ሁለቱም ዓይን ይከፈታል፣ ቀኝ ዓይንህ የመንግሥት ነው፣ ግራ ዓይንህ የእናትህ ነው። አባትስ ጓድ ሻምበል አለ ጀይላን፣ ቀልደኛው እሱ ነው፣ አባት ነዳጅ ይሞላል አለ ሻምበሉ ወደ እኔ ሳይዞር፣ ሁሉም ግን ዞረው አዩኝ። ለካ አባቱ መሆኔን ያውቃል። እኛ ደብቀነው ነበር፣ ልጄ በሥራ ቦታ ሾፌሩ ይለኛል፣ እኔም ሰልጣኙ እለዋለሁ፣ በዝምድና ገባ እንዳይሉት፣ ለነገሩ በዝምድና አልገባም፣ ብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ ፎቶ ማንሳት የሚችል አለ ተብሎ ተጠይቆ እጁን አወጣ፣ በቃ። ሳቁ ሲያልቅ ሻምበሉ ስለ ሀብተወልድ ነገራቸው፣ ካሜራ አብሮት የተማረ ጓደኛው፣ ታንኮች ሲያልፉ እያነሳ ሳለ አንዱ ታንክ ወደ ኋላ ሲዞር አላየውም። ጠላት አልገደለውም አለ፣ ጥይትም አልነካውም፣ የገዛ ታንካችን ነው፣ ፊልሙን አጥበን አይተነዋል፣ እስከ መጨረሻው አይንቀጠቀጥም፣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ከዚያ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ እንጨታችሁን አንሡ አለ።

የእኔ ልጅ አመሉ ከፎቶ ቤት ነው የመጣው፣ ከኮተቤው ፎቶ አንሺ ከበዳዳ። በዳዳ አንድ ዓይኑን ጥርቅም አድርጎ ነው የሚያነሳው፣ ሙሽራም ቢሆን፣ የቀበሌ መታወቂያም ቢሆን፣ ልጄ ከሱ ወረሰ። ፎቶ ቤት ውስጥ ከግራ የሚመጣብህ ምንም የለም፣ ቢበዛ የሙሽራዋ አክስት ናት። ፈቃድ ባገኘ ቁጥር ቤት እንለማመዳለን፣ የካርቶን ጥቅል ቀኝ ዓይኑ ላይ አድርጎ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ያያል፣ ሰዓዳ በግራው በኩል ቆማ ሽንብራ ትወረውርበታለች፣ ሽንብራው ሲመጣ ዝቅ ማለት ነው፣ ካርቶኑ ሳይነቃነቅ። መጀመሪያ ሰሞን ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ ጉንጩን። እማ ቀስ በይ እንጂ። ቀስ ብሎ የሚመጣ ጥይት አለ እንዴ፣ ሌላው በጥይት ከሚመታህ እኔ በሽንብራ ልምታህ። ክፍት ነው እኮ እማ። የቱ ነው ክፍቱ፣ እንደ በዳዳ እየጠቀስከኝ። ይከፍተዋል፣ ሳያውቀው ይጨፍነዋል፣ ደግሞ ይከፍተዋል። ያለፈው እሑድ ጥቂቱ ብቻ ነው የመታው። ጥቂቱ። ግን መታው።

ዛሬ ጠዋት ሻምበሉ ማንንም ከማቆሙ በፊት ራሱ ቆመ። ይህን አልረሳም። ኖራውን በእጁ አሰመረ፣ ዋዙ ፍሬን ከያዘ በኋላ ስንት ርቀት እንደሚንሸራተት ደጋግሞ ለካ፣ ካሜራውን አነሳ፣ ይንዱ አለኝ፣ ነዳሁ፣ እሱ ማዶውን እያየ፣ መኪናው ሲደርስ በር ሲከፈትበት ዞር እንደሚል ሰው ነው ዞር ያለው፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ መኪናው ከጀርባው አለፈ፣ ካሜራው የሚያየውን አልለቀቀም፣ ጃኬቱ ስፖኪዮዬን ዳሰሰ። እኔን ላብ አጠመቀኝ፣ እሱ፣ ጥሩ ነው አባባ፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ አለኝ። ሌላው ቢሆን ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁሙ ይላል እንጂ መኪና ፊት አይቆምም።

ቀጥሎ ጀይላን ነበር። ጀይላን ቆሞ ቀረ። እኔም ኖራው ላይ ሳልደርስ ፍሬን ያዝኩ፣ እግሬ ነው የያዘው፣ እኔ አይደለሁም፣ ዋዙ እርጥብ ሣር ላይ ተንሸራቶ ቆመ፣ ጀይላን አሁንም ያነሳል፣ ዞሮ መኪናውን ሲያይ ካሜራውን እንደ ሕፃን ታቀፈው። ሻምበሉ አልተቆጣም፣ ና ልጄ ካሜራውን ስጠኝ አለው። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ፣ አባባ ጀማለዲን፣ ፍሬን ስለያዙ አይደለም የወደቀው፣ ቆሞ ስለቀረ ነው፣ ግን ለሚቀጥለው እንዲህ አያድርጉ፣ እዚያ ማንም ፍሬን አይይዝላቸውም። ቀጥሎ ማን እንደሆነ ያውቃሉ። አውቃለሁ። ከከበደዎት ኤጀታ ይንዳ፣ አልቀየምዎትም። ኤጀታ የጭነት መኪናው የኦራሉ ሾፌር ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ኩርባ ላይ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ነው። እኔ እነዳለሁ ሻምበል። እርግጠኛ ነዎት። ከመኪናው አልወርድም አልኩ፣ ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

አሁን ጀይላን ማዶ ጉቶ ላይ ተቀምጧል፣ አይቀልድም፣ ሣር ይነጫል።

ከላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች መንገድ ተዘግቶባቸው ቆመዋል፣ ጫልቱን አውቃታለሁ፣ እንጨት ከሷ ነው የምንገዛው፣ ሸክሟን ሳታወርድ ጎብጣ ታየናለች፣ አቦ አባባ ምን ሊያደርጉ ነው አለችኝ ቅድም፣ ፊልም እያነሱ ነው፣ እሺ ፊልሙን ያንሱ፣ መኪናው ምን ይሠራል፣ ልጁ ዞር ማለት እንዲለምድ ነው፣ ዞር በል ቢሉት አይሻልም። የሚሻለውማ እሱ ነበር ጫልቱ።

መሐረቡ ከፍ አለ። ነጭ ነው፣ ሻምበሉ እጅ ላይ ነው፣ ሲወርድ መነሣት ነው። ፍሪሲዮኑ እምቢ አለኝ ብል። አንዴ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ፈተናው ቢበዛ ለነገ ይተላለፋል፣ ነገ እስኪደርስ ሰዓዳ አንድ ማታ ሽንብራ ትወረውርለታለች። ግን ሻምበሉ ፍሪሲዮን ያውቃል፣ ልጄም ያውቃል፣ አባቱ እንደፈራለት ያውቃል፣ ከዚያ እንዴት ብሎ ይቆማል። ቢስሚላህ። አላህ ሆይ የሱን ዓይን፣ የሱን ግራ ዓይን፣ የኔን ብትፈልግ ውሰደው።

ወረደ።

የእጅ ፍሬን፣ አንደኛ ማርሽ፣ ማዶ ተኩሱ ተጀመረ፣ ባዶ ጥይት ነው፣ ጢሱ ግን እውነተኛ ነው፣ ሁለተኛ ማርሽ፣ የሞተሩን ድምፅ ተኩሱ ዋጠው፣ እንግዲህ ጆሮው አይረዳውም፣ ዓይኑ ብቻ ነው፣ ፈጠን ይበሉ ብሎኛል፣ ፈጠንኩ፣ ልጄ ጉልበቱን አጥፏል፣ ክርኑ ጎድኑ ላይ ነው፣ ያ ረቢ እንዴት ያምራል፣ ካሜራው ከሱ ጋር የተወለደ ይመስላል፣ ይህን ልጅ የኮተቤን አስፋልት መሻገር እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ መጀመሪያ ግራህን እይ፣ ከግራ ነው መኪና የሚመጣው፣ ከዚያ ቀኝህን፣ ከዚያ እንደገና ግራህን፣ እጁ እጄ ውስጥ ላብ በላብ ሆኖ፣ አባባ ባዶ ነው እንሂድ፣ ቆይ እንደገና እይ፣ ጓደኞቹ ተሻግረው ትምህርት ቤት ገብተው እኛ ገና ግራ እናያለን፣ ዋዙ ይዘላል፣ መሪው ይታገለኛል፣ ኖራው መጣ፣ ጉንጩ እየቀረበ ነው፣ ጥላው ውስጥ የሚያበራ ነገር አለ፣ ዓይን ነው፣ አይደለም፣ ላብ ነው፣ ክላክሱ አውራ ጣቴ ሥር ነው፣ አንዴ፣ በአጭሩ፣ በዚህ ሁሉ ተኩስ ማን ይሰማል፣ እሱ ይሰማል፣ እሱ ብቻ፣ እና እዚያ ማን ክላክስ ይነፋለታል፣ አልነካም፣ አልነካም፣ ዞር በል፣ አይዞርም፣ የእናትህ ዓይን ነው ክፈተው፣ የሸሚዙ ቁልፍ ታየኝ፣ ዞር በል ልጄ፣ ዞር

ጨለማ።

አቧራ ነው። ፍሬን። አሁን ፍሬን።

ዋዙ ተንሸራተተ፣ አፍንጫውን ደፋ፣ ቆመ። ምንም አልሰማሁም። መኪና ሰው ሲመታ ምን ድምፅ እንደሚሰጥ አውቃለሁ፣ የሌላ ሰው መኪና ነበር፣ ያ ድምፅ አይረሳም፣ እሱን አልሰማሁም። ከፊቴ ሣር ነው። ጉቶ ነው። ልጄ የለም፣ የት ሄደ፣ ከሥር ነው፣ ከጎማው ሥር፣ በሩን ልክፈት እጄ አይታዘዝም፣ ወደ ግራዬ ዞርኩ፣ በመስኮቴ በኩል ጀርባ አለ። ካኪ ጀርባ። እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ማዶውን ያነሳል፣ አላቋረጠም፣ ካሜራው እንደ ስፌት መኪና ክርርር ይላል፣ ወታደሮቹ የዳገቱ አናት ላይ ደርሰዋል፣ ከነሱ ጋር ቀስ እያለ ይዞራል፣ ትንፋሽ በግማሽ፣ ይህን ያህል ቀርቤው ወደ እኔ ዞር አላለም፣ የሚያየውን ያያል። እኔም አየዋለሁ። እንዲህ አይቼው አላውቅም። ቤት ውስጥ ካልሲውን የሚጥል ልጅ ነው፣ ይሄ ግን ሰው ነው፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው።

የተጠመዘዘው የካሜራው ሞላ አልቆ ዝም አለ። ቁረጥ አለ ሻምበሉ።

ዞር ማለቱ ብቻ አይበቃም፣ በግምትም ሊሆን ይችላል፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በእግሩ ሰምቶም ይሆናል፣ ሻምበሉ ሁሌም ይጠይቃል፣ ካሜራው ያላየውን ተናገር ይላል፣ ይሄው መጣ። በግራህ ምን መጣ። ዋዝ ጓድ ሻምበል። ዋዝ መሆኑን ጠዋትም ታውቃለህ፣ ምን አየህ። አንዱ መብራት ላይ ጭቃ አለ። ይሄንንም ጠዋት አይተኸው ይሆናል፣ ሌላ። ልጄ ካሜራውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሌላ ነው የምልህ። ተናገር እንጂ ልጄ፣ እዚህ ደርሰህ፣ ሞተር በል፣ ጎማ በል፣ የፈለግከውን በል። ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ መሬት አየ፣ ከንፈሩን ነከሰ።

ሾፌሩ፣ አለ።

ሾፌሩ ምን።

ሾፌሩ ኖራው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር ጓድ ሻምበል።

እኔ፣ ጨፍኜ፣ እኔ ጀማለዲን፣ አቧራ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ መሬት ነው፣ አቧራ ከየት ይመጣል። ሻምበሉ ወደ መስኮቱ መጣ፣ ፊቴን አየኝ፣ ምን እንዳነበበበት አላውቅም፣ ወደ ልጄ ዞረ። አንዱን ነው ሁለቱንም። ሁለቱንም ጓድ ሻምበል። ኤጀታ ከኦራሉ ላይ፣ ጋሽ ጀማል ለካ በዱዓ ነው የሚነዱት አለ፣ ያኔ ሳቁ ፈነዳ፣ ወታደሮቹ፣ ጫልቱ ከነሸክሟ፣ ጀይላን እንኳ፣ ምስኪኑ ጀይላን እንኳ ሳቀ። ሻምበሉ አልሳቀም፣ እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ትከሻዬን ያዘ፣ አልፏል አባባ፣ ማክሰኞ ይሄዳል።

ማክሰኞ። አልፏል እና ማክሰኞ ባንድ ትንፋሽ። እግሬ አሁንም ፍሬኑ ላይ ነው፣ መኪናው ከቆመ ቆይቷል፣ እግሬ አልሰማም። ሰዓዳ ምን ትላለች፣ አለፈ እላታለሁ፣ መጀመሪያ አለፈ፣ ማክሰኞን እራት ከበላን በኋላ፣ ዓይኔን መጨፈኔን አልነግራትም፣ እሱ ይነግራታል፣ ይንገራት፣ እስክትሞት ትስቅብኛለች፣ ትሳቅ። እኔ አላየሁም፣ እውነት ነው፣ ያን ቅጽበት ማየት አልቻልኩም፣ እሱ ግን ቀኝ ዓይኑ ዳገቱን ሲያነሳ፣ በጢሱ፣ በተኩሱ መሀል፣ በመስታወቱ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ሽፋሽፍት ሲከደን አየ። ሽፋሽፍት። ይህን ያየ ዓይን ታንክ ያያል። ወደ ኋላ ቢዞርም ያያል። ማክሰኞም ያያል፣ ከማክሰኞ በኋላም፣ ያያል፣ አዎ፣ ያያል።